አርባኛው ደጅ

መርዶ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደየሥራው ይበተናል፤ ደግፎ የሚይዝ ጎረቤት ይጠፋል። ስለዚህ እኛ የሕክምና ዘረመል የድኅረ ምረቃ ሰልጣኞች ከዶሮ እኩል እንነሳለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ስታርፍ ያየሁት በሥልጠና ማዕከላችን መኪና መስኮት ነው። ደሴ ያለ ጉም ምን እንደምትመስል እየረሳሁ ነው።

ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ደሙ ይነበባል። ከተነበበ በኋላ አርባ ቀን ይጠብቃል። በአርባው ቀን ውስጥ ማንም በሩን ካላንኳኳ ንጹሕ ነው፤ ዘመድ ጠርቶ ይበላል ይጠጣል። በሩ ከተንኳኳ ግን የምናንኳኳው እኛ ነን፦ አንድ ሐኪም፣ አንድ መምህር፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሦስታችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን። በወረቀት ላይ ስማችን «የዘረመል ምክር ሐኪም» ነው። ሰፈር ውስጥ የምንጠራው መርዶ ነጋሪ ተብለን ነው፤ አልዋሹም። ከድሮው መርዶ የሚለየው የሚረዳውም የሚሞተውም አንድ ሰው በመሆኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በ2063 ዓ.ም. ውጤት በስልክ መልእክት ይላክ ነበር። ሰው ታክሲ ውስጥ እንደቆመ፣ በስንት ዓመቱ ምን እንደሚገድለው በአንድ እጁ ያነባል። ያን ዓመት ስንቱ ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ ወጣት ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ስመኝ አሊ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «እኛ እኮ ለመርዶ ወግ ያለን ሰዎች ነን፤ ምን ነክቶን ነው በስልክ የምንገድለው?» አሉ። ወጉ ደንብ ሆነ። ጎረቤት ሦስት ቀን ቀድሞ እንዲያውቅ፣ በጠዋት እንዲነገር፣ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ተደረገ። እኛም ይህንን በሦስት ዓመት እንማራለን፤ አርባ ደጅ አንኳኩተን እንመረቃለን።

የመለማመጃ አዳራሻችን መሐል ግድግዳ የሌለው በር ቆሟል። ፕሮፌሰር ስመኝ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ እኛ ተራ በተራ እናንኳኳለን። ነጥብ የሚቀነስበት ነገር ብዙ ነው። ሰው ሳያለቅስ «አይዞህ» ማለት አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። ትከሻ መያዝ ሦስት ነጥብ። የሚያዘው እጅ ነው፤ ሁለቱም፤ ከመዳፉ በኩል። «ትከሻውን የያዝከው ሰው ይወድቃል፤ እጁን የያዝከው ይቀመጣል» ይሉናል።

ከሁሉም በላይ ግን ስሙ ነው። ሰውየውን ከነአባቱ ስም ትጠራዋለህ፤ እሱ «አቤት» ይላል። «አቤት» ካለ መርዶው ተጀምሯል፤ መመለሻ የለውም። መድኃኒቱ ጥቂት ስለሆነ በተራ ነው የሚሰጠው፤ ተራውም የሚቆጠረው ከዚያች «አቤት» ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ወሬው ሾልኮ ሰውየው ጆሮ ከገባ ግን መርዶው «ተሰበረ» ይባላል፤ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። ምክንያቱን ጠይቄ «ሥርዓት እንዲኖር ነው» ተብያለሁ። የደሴ ሰው ሐሜት ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። በዚህ ነገር ላይ ግን ሰፈሩ ሁሉ አፉን የተሰፋ ነው፤ አንዲት ቃል የሰው ዕድሜ ትበላለችና።

የምኖረው ከወንድሜ ከኪሩቤል ጋር ነው። አራት አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው ያለን። እናታችን በአርባ አንድ ዓመቷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ እዚያው ቧንቧ ሥር ወደቀች፤ አልተነሣችም። እኔ አሥራ አምስት፣ እሱ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ እናቱ፤ እኔ ነኝ አባቱ፤ በዓለም ላይ ከሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም። ኪሩቤል ባጃጅ ይጠግናል፤ ቀልደኛ ነው፤ ካልሲውን የትም ይጥላል። አምና ሠላሳ ዓመት ሞላውና ተነበበ። አርባውን ቀን ተራ በተራ በሩን እያየን ቆጠርነው። ማንም አላንኳኳም። በአርባ አንደኛው ቀን ጥብስ በላን፤ እሱ ጠጥቶ ዘፈነ።

እቤት መለማመጃዬም እሱ ነው። ከበሩ ጀርባ አቆመዋለሁ። አንኳኩቼ «ኪሩቤል ሙሄ» እለዋለሁ፤ «አቤት» ይለኛል፤ ከዚያ አንዱን በሽታ መርጬ እገድለዋለሁ። ሽንኩርት እየላጠ ሦስት ጊዜ ሞቷል። «እንባው ለሽንኩርቱ ነው ላንቺ?» ይለኛል። እጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተነገረው ግቢ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሁሉንም ያውቃል። ከአንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ እሱ ይሻል ነበር።

እኔ ተነብቤያለሁ፤ ውጤቴን ግን አላውቀውም። የሰልጣኝ ንባብ አርባኛውን ደጅ እስኪጨርስ ይታሸጋል፤ «የራሱን የሚያውቅ ለሌላ ሰው አያረዳም» ይላሉ። ይህን ታሪክ ስጀምር ሠላሳ ዘጠኝ ደጅ አንኳኩቼ ነበር።

የመመረቂያ ጥናቴን ከዚያ በፊት በነበረው ወር አስገብቻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ዞሬ የሠራሁት ነው። ሐኪሙ በአጋጣሚ ሥጋ ዘመዳቸው ሆኖ ያረዳቸው ሰዎች በዘጠኝ ቀን መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ባዳ ያረዳቸው በሠላሳ አንድ ቀን። መደምደሚያዬ አንድ መስመር ነበር፦ «ከተቻለ ሥጋ ዘመድ ያርዳ።» ፈታኞቹ አጨበጨቡልኝ። ኪሩቤል ያን መስመር በትልቁ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈልኝ።

ሰኞ ጠዋት ጄሪካኔን ይዤ ወደ ቧንቧው ወጣሁ። እትዬ ሐሊማ ቀድመውኛል። እትዬ ሐሊማ ከጎናችን ያለው ቤት ባለቤት ናቸው፤ በውሃ ወረፋ ስምንት ዓመት ተጣልተናል። እንደ ልማዴ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት። እሳቸው ግን የራሳቸውን ጄሪካን ከቧንቧው ሥር አነሡና ፈቀቅ አሉ።

«ቅጂ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ እርስዎ ቀድመዋል።»

«ምን ችግር አለው። የወጣት ጊዜ አይባክንም።»

ዓይኔን አላዩኝም። ውሃው ሲሞላ ቆሜ እጄ በረደ። የተነገረው ግቢ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ይኸው ነው፤ በጥናቴ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ጽፌዋለሁ፦ «ጠብ ይቆማል።»

ማክሰኞ ከማዕከሉ ስመለስ ደጃችን ላይ ጋሽ ይማምን አገኘኋቸው። ጡረተኛ ግንበኛ ናቸው፤ የተሰበረችውን ደረጃችንን እንዲያበጁልን ሁለት ዓመት ለምነናቸዋል። ሲሚንቶ ለውሰው ተንበርክከዋል። «ሰው ይወድቅበታል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። ሁልጊዜ ዜናውን ግቢው ሁሉ እስኪሰማ የሚከፍቱት ሰው፣ ያን ቀን ቤታቸው ጸጥ ብሎ ነበር። ልጆቹም አይጮኹም። ገጽ አሥራ ስምንት፦ «ድምፅ ይቀንሳል።»

ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ፊት ቆሜ «የዚህን ያህል ዓመት» ስል ድምፄ ያልተንቀጠቀጠው፣ ለካ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። አንድ ደጅ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ማኅተሙ የሚፈታበት ጊዜ ደርሷል፤ ጎረቤት ተነግሮታል። እናቴ በአርባ አንድ ወደቀች፤ እኔ ሠላሳ ሦስት ነኝ። የቀረውን መቀነስ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

መጠየቅ አልችልም። ብጠይቅ ይሰበራል፤ ተራዬ ያልፋል። መዝገቡን ብከፍት የከፈተው ሰው ስም ይመዘገባል። ያለኝ ብልሃት ምንም እንዳላየ ሰው እየሳቁ መኖር ብቻ ነበር።

«ዛሬ ምግቡን እኔ ነኝ የምሠራው» አለኝ ኪሩቤል ከሥራ ገብቶ። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ሽሮ ሠራ፤ አሳረረው። ካልሲዎቹ ተሰብስበዋል። ጫማዬ ተወልውሎ በር ሥር ተደርድሯል።

«ምን ነካህ?»

«ምን ነካኝ? እህቴን መውደድ ክልክል ነው እንዴ?»

«በሽሮ ነው የምትወደኝ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ያኔ እርግጠኛ ሆንሁ፤ አውቋል። ምልክቱን ከኔ ነው የተማረው። ወንድሜ የኔን ሞት አፉ ውስጥ ይዞ ያረረ ሽሮ ያጎርሰኛል። አሳዘነኝ። ከራሴ ይልቅ እሱ አሳዘነኝ ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። የሰጠኝን ሁሉ በላሁ። ጋቢዬን ለሱ ሰጠሁት፤ የናታችንን ፎቶ ከኔ ክፍል አውርጄ እሱ አልጋ አጠገብ አቆምሁት። ምነው አላለኝም። ፎቶውን አየና እኔን አየ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ዳግም ንባብ ላይ ተመድቤያለሁ። ያለፉ ዓመታት ንባቦች ስም ተፍቆባቸው ይመጣሉ፤ ያኔ ትርጉማቸው ያልታወቀ ፊደሎች አሁን ታውቀው እንደሆነ እናያለን። አንዳንዱ ይታወቃል፤ ንጹሕ ተብሎ ጥብስ የበላ ሰው ንጹሕ አለመሆኑ ይገኛል። የዚያን ቀን የሠራሁትን ደግሜ ስፈትሽ አምስት ስሕተት አገኘሁ። በሥልጠናዬ ዘመን እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ወደ ቤት ስገባ እትዬ ሐሊማ በር ላይ ትልቅ ሳፋ ተቀምጧል። ባቄላ ተዘፍዝፏል፤ ስንዴም። ስቅለት አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም። ይህን ያህል ንፍሮ የሚቀቀለው ለለቅሶ ነው፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ነው ማለት ነው። ሳፋውን አልፌ የጋሽ ይማም አዲስ ደረጃ ላይ ቆምሁ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ፕሮፌሰር ስመኝ ናቸው።

«ነገ አርባኛሽ ነው» አሉኝ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ መኪናው ይወስድሻል። ነጠላሽን እንዳትረሺ።»

«ለማን ነው?»

«ፋይሉ ደጁ ላይ ይከፈታል። ታውቂ የለም እንዴ?»

ከኛ በፊት የተመረቀች አንዲት ሰልጣኝ ለሥራ ተብላ ተጠርታ መኪና ውስጥ ተነግሯታል ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ኪሩቤል በሩን ተደግፎ ያየኛል።

«ነገ ትወጫለሽ?» አለ።

«አርባኛዬ ነው።»

«ትመለሻለሽ አይደል? ማለቴ... ቶሎ?»

«ቶሎ እመለሳለሁ።»

«እኔም ሥራ አልሄድም» አለ። «እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ጠዋት ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቷል። መኪናው ሹፌር የለውም፤ ስለዚህ ወዴት ነው ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ፕሮፌሰር ስመኝ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የማዕከሉ ሽማግሌ ጋሽ አስፋው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። በመካከላቸው ለኔ ቦታ ትተዋል። ሰው መሐል የሚቀመጠው ሲያዝ ነው። ገብቼ ተቀመጥሁ። መኪናው ወደ ፒያሳ አቀና፤ አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ደግሞ ዞረው። ሰዓቱ እስኪደርስ ሲጠብቅ እንዲህ ያደርጋል።

«ኤልዳና ሙሄ» አሉ ፕሮፌሰር ስመኝ።

ከነአባቴ ስም ነው። ጥርሴን ነከስሁ። አቤት ካላልሁ አልተጀመረም። ከፊቴ ያለውን መስታወት እያየሁ ዝም አልሁ። ጋሽ አስፋው መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ኤልዳና! ምነው?»

ዝም አልሁ። ቢመቱኝም አልናገርም ነበር።

ፕሮፌሰር ስመኝ ቆይተው ገባቸውና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «የኔ ልጅ፣ ላንቺ መስሎሽ ነው? ላንቺ አይደለም። ያንቺ እንደታሸገ ነው።»

እሰይ አልሁ። በልቤ ብቻ አይደለም፤ ከንፈሬም ተንቀሳቅሷል። ደስታ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ወጣብኝ፤ ሳቅሁም። ያችን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ይቅር ልላት አልቻልሁም። የተዘፈዘፈውን ባቄላ፣ ደረጃውን፣ ቧንቧውን፣ ሁሉንም ረስቻቸው ነበር።

«የጠራሁሽ ላመሰግንሽ ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ጥናትሽ ጸድቋል። ያለ ማሻሻያ። በዚህ ሳምንት ደንብ ሆኗል፤ ሥጋ ዘመዱ ሐኪም የሆነ ሰው በሥጋ ዘመዱ ይረዳል። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ኮርቼብሻለሁ።»

መኪናው አደባባዩን ለቅቆ ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት ታጠፈ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ግቢው ተነግሮታል፤ ከግቢው ሰው የሚረዳው ግን እኔ አይደለሁም። እኔ በዓለም ላይ ስንት ሥጋ ዘመድ አለኝ?

«አምና ንጹሕ ተብሏል እኮ» አልሁ። «አርባ ቀን ቆጥረናል!»

«በዳግም ንባብ ነው የተገኘው። የልብ ጡንቻ በሽታ ነው። ከእናት የሚወረስ ነው።»

«አልችልም። ጋሽ አስፋው ይንገሩት። እርስዎ ይንገሩት። እኔ መኪናው ውስጥ ልቆይ።»

ጋሽ አስፋው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፕሮፌሰር ስመኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እንደሚወዱኝ ከድምፃቸው አውቃለሁ፤ ክፋቱም እሱ ነው።

«ደንቡ አንቺ ነሽ ይላል፤ ሌላ ሰው ቢናገር ይሰበራል። መድኃኒቱ ተይዞለታል፤ ቀጣዩ ዙር ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እናታችሁስ በስንት ዓመቷ ሞተች?»

ያውቁታል። ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ለአንደኛ ዓመት ሰልጣኞች ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ የማስተምረው እኔ ነኝ፦ እንዲህ ያለው ነገር ከእናት ወደ ልጆቿ የሚሄደው ግማሽ ለግማሽ ነው። ያንቺ እንደታሸገ ነው አሉኝ እንጂ ንጹሕ ነሽ አላሉኝም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ጫፉን ጋሽ አስፋው አስተካከሉልኝ።

ግቢው በር ላይ ፋይሉ ተከፈተ። ስሙን አላነበብሁትም፤ አያስፈልግም። ጎረቤቶቻችን በየደጃቸው ቆመዋል። እትዬ ሐሊማ የንፍሮውን ድስት ከፊታቸው አድርገው፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ሰኞ ዕለት ያስቀደሙኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለሚሞተው አልነበረም ያዘኑት፤ ለምትናገረው ነው። ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፍተዋል። በአዲሱ ደረጃ ላይ ወጣሁ። አልወደቅሁም፤ በደንብ ነው የሠሩት።

ልማዱ ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ኪሩቤል ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ጺሙን ተላጭቷል። ከጀርባው ክፍሉን አስፍቶ፣ ያለንን ወንበር ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ደርድሮ፣ የኔን ፍራሽ መሐል አንጥፏል፤ ትራሴን ከነጋቢዬ አመቻችቶ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ወለሉ ላይ አስቀምጧል። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉንም ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ዓይኑ ቀልቷል። እኔን ከሁለት ሰዎች መሐል ነጠላ አዘቅዝቄ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። እጆቹን ዘርግቶ ሁለቱንም እጆቼን ያዛቸው፤ ከመዳፌ በኩል።

«ከሰኞ ጀምሮ ገብቶኛል» አለኝ። «እትዬ ሐሊማ ሲያስቀድሙሽ በመስኮት አየሁ። ልነግርሽ አልቻልሁም፤ ተራሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ይቅር በይኝ እህቴ። አይዞሽ፤ እኔ አለሁልሽ።»

ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ፕሮፌሰር ስመኝ ተመለከተ።

«በሉ ንገሯት» አላቸው። «ይዣታለሁ።»

እጁ ሞቃት ነው፤ የማሽን ዘይት ይሸታል። አሥራ ሁለት ዓመት ብዬ አሰብሁ። አፌን ከፈትሁ።

«ኪሩቤል ሙሄ» አልሁት።

ገና ወደ እኔ ሳይዞር፣ ስንት ጊዜ በር ጀርባ አቁሜ እንዳስለመድሁት፣ መለሰልኝ።

«አቤት።»